የመደመሪያዋ መርዶ

ለእረፍት ፈረንሳይ ከርሞ የተመለሰው ሙሴ ሬሞን፣ በእንግዶቹ ፊት የመደመሪያ መኪናዋን እጀታ ሊያዞር ቢል አልነቃነቅ አለው። በእጅ እየተዘወረች የምትደምርና የምታባዛ፣ ከአባቱ የወረሳት የጥንት መኪና ነበረች፤ ሚስትም ልጅም የለው፣ እሷው ነበረች። የጅቡቲ የባሕር አየር እንዳያዝጋት የቤት ሠራተኛዋ ፀዳል በየማለዳው ዘይት በነካ ጨርቅ እንድትወለውላት አዝዞ ነበር የሄደው።

ፀዳል የሻይ ትሪዋን ይዛ ቆማ አየችው። ሊሄድ ሰሞን ከአገር ቤት የተደወለላትን ስልክ ያነሳው እሱ ነበር። በአገሯ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው። እሱ ግን ይህንኑ እጀታ እያዞረ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «እናትሽ ሞታለች። ሻዩስ?» አላት። እሱ ከሄደ ወዲህ ጨርቁ ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ የምትነክረው ጨው በሟሟበት ውኃ ነበር።

ሙሴ እጀታውን በሁለት እጁ ታገለው። ከውስጧ አንድ ነገር ቀጭ አለና ዝገቱ እንደ በርበሬ በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ረገፈ።

«ፀዳል! ምን ሆናብኝ ነው?» አለ።

ፀዳል ዓይኗን ከምትቀዳው ሻይ ላይ አላነሳችም።

«ሞታለች» አለችው። «ስኳር ላድርግበት?»