ማንም አልተነሣም

«ጀርባዬ ላይ አትጩህ» አለች ዶኛ ኤልፒዲያ፣ ዞርም ሳትል። «የምትሰድበው ወርዋሪ ልጄ ነው። ፊትህ ተቀምጬ እንደ ግድግዳ አትቁጠረኝ።»

የሮም አረቄውን ጨብጦ ከኋላዋ ሲያናፋ የነበረው ጎረምሳ ጠርሙሱን አወረደ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶኛ» አለ። «እኔ እሱን ብቻ አይደለም፣ ሸርጣኖቹን በሙሉ ነው የሰደብኩት። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ጎን ሲሄዱ ለማየት እየከፈልኩ መግባቴ ነው ያንገበገበኝ።»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ኤልፒዲያም ሳቋ መጥቶባት ነበር፣ ዋጠችው። እውነቱን ነው። ቡድኑ ስሙም ሸርጣን፣ አካሄዱም ሸርጣን። የዓመቱ የመጨረሻ የቤዝቦል ጨዋታ ላይ ደርሶ ከሁሉም ግርጌ ተቀምጧል። ዛሬም እንግዶቹ በዘጠኝ ነጥብ መርተው ገና አልጠገቡም፤ ልጇ ሊሳንድሮ የወረወረውን ሁሉ እየለቀሙ ይመቱታል።

«እዩት እንግዲህ» አለች፣ ለማንም ለሁሉም። «እንደዚህ እየተመታ እንኳ አሰልጣኙ አላወጣውም። ሌላው ቢሆን ሁለት ሲመታበት ጎትቶ ያስቀምጠው ነበር። ልጄን ያምነዋል።»

ሲስቁ የነበሩት ፊታቸውን ከእሷ አዞሩ። እሷ ደግሞ ተናግራ መልስ ማጣት አልለመደባትም። ሰዉ ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ የሐዘን ቤት የገባች መሰላት።

ጧት ልጇን ሸሚዙን ያለበሰችው እሷ ናት። ክንዱ ከትከሻው በላይ አልሄድ ብሎት፣ የሃያ አራት ዓመቱን ጎልማሳ እንደ ክርስትና ሕፃን እጁን ይዛ እጅጌው ውስጥ ከተተችለት። «ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እማማ» ብሎ በድንግል አስምሏታል። «የታመመ ክንድ ለከርሞ ውል የለውም። ዛሬን እስከ ማብቂያው ከቆምኩ፣ ክንዱ ደህና ነው ይባላል።» ማለች። ምን ታድርግ?

ጎኗ የተቀመጠው ዶን ካሲሚሮ ነው። በወጣትነቱ ለዚሁ ቡድን የወርዋሪውን ኳስ ይቀልብ የነበረ፣ ጣቶቹ ተሰባብረው ዝንጅብል የመሰሉ ሽማግሌ። አሁን የሚያየው ሜዳውን አይደለም። ዓይኑን ተከትላ አየች። ከሜዳው ጥግ፣ ተጠባባቂ ወርዋሪዎቹ ከሚሟሟቁበት ቦታ፣ አምስቱም ተቀምጠዋል። አንዱ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። አንዱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል።

እዚያ አገር የተወለደች ሴት ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻትም፤ ወርዋሪ ሲመታ ከዚያ ጥግ አንዱ ሊተካው ተነሥቶ ክንዱን ማሟሟቅ ይጀምራል። ሁልጊዜ።

«ለምንድን ነው የማይነሡት?»

«ሙቀቱ ነው» አለ ካሲሚሮ።

«ካሲሚሮ፣ እኔ የባሌን ውሸት ስሰማ ነው ያረጀሁት። አንተ ገና ጀማሪ ነህ። ለምን አይነሡም?»

ሽማግሌው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «የእነዚያ ክንድ ባለቤት አለው፣ ኤልፒዲያ። በየካቲት ሄደው የሚወረውሩት ለአሜሪካኖቹ ቡድኖች ነው። በተሸነፈ ጨዋታ ማን ያባክናቸዋል? ጨዋታው ግን ማለቅ አለበት፤ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ መወርወር አለበት።»

«እና?»

«እናማ… ማንም ያልጠየቀውን ክንድ ያቆማሉ። እኔም በጊዜዬ ለእንደዚያ ዓይነት ልጆች ቀልቤያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ያየሁት አንድም የለም።»

ተነሣች። ደረጃውን በጎኗ ወረደችው። ከተጫዋቾቹ መቀመጫ በላይ ያለውን የሽቦ አጥር ጨበጠች። አሰልጣኙ ናርሲሶ ከሥሯ ቆሟል። ይህ ሰው ቤቷ ገብቶ፣ የፍየል ወጧን ድስቱን ጠርጎ በልቶ ነው ልጇን የወሰደው።

«ናርሲሶ» አለች፣ መሐላዋን አፍርሳ። «የልጄ ክንድ ታሟል። ጧት ያለበስኩት እኔ ነኝ። አውጣው።»

ይህን ካለች ሰማይ የሚደፋ መስሏት ነበር። ሰውየው ቀና ብሎም አላያት።

«አውቃለሁ፣ ዶኛ» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ከታመመበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«የከርሞ ውሉስ?»

አሰልጣኙ የአፉን ገለባ ተፋ። «ይሂዱ ይቀመጡ። ፀሐይ ነው።»

ሊሳንድሮ ወርዋሪ ከሚቆምበት ጉብታ ላይ ሆኖ አጥሩ ላይ አያት። የተናገረችውን ያወቀ መሰላት። እንዲቆጣት ፈለገች፤ ቢቆጣት፣ ቢረግማት ምናለ። እሱ ግን ፈገግ አለላት። አይዞሽ፣ እያየሽ ነው፣ አላወጡኝም፣ የሚል ፈገግታ። ከዚያ ፊቱን ወደ መቺው መልሶ፣ እንደ ታመነ ሰው ደረቱን ነፋ፣ ወረወረ።

ኳሱ መንገዱን አላጋመሰም። አፈሩ ላይ ወደቀ፣ ጥቂት ተንከባለለ፣ ቆመ።

ሮሙን የያዘው ጎረምሳ ተቀመጠ። የደጋፊዎቹ ከበሮም ቆመ። መቺው ዱላውን አውርዶ ጫማውን ያይ ጀመር።

ቀላቢው ከመቺው ኋላ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። ኳሱን አነሣና አልወረወረለትም፤ እስከ ጉብታው ድረስ ይዞለት ሄደ። የሊሳንድሮን የተንጠለጠለ ቀኝ እጅ አንሥቶ ኳሱን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት፣ ወደ ቦታውም ተመልሶ ቀጣዩን ሊቀልብ ቁጢጥ አለ።