አንደኛ የወጣው ዘፈን

አንጋፋው ሐያሲ በሬዲዮ ቀጥታ ስርጭት፣ ከቤታቸው በስልክ፣ የየዘመኑን ምርጥ ዘፈን እንዲመርጡ ቢጠየቁ ማንንም አልማሩም። የስልሳዎቹን «ሙሾ»፣ የሰማንያዎቹን «የኪቦርድ ጋጋታ» አሏቸው። ዘንድሮ አንደኛ የወጣው «ቻርጀሬን መልሺ» ሲነሳማ ጭራሽ ደማቸው ፈላ።

«እሱንም ዘፈን ብለሽ ነው? ይኼን የሚሰማ ሰው ጆሮው ለጌጥ ነው የተንጠለጠለው!» ብለው ጋዜጠኛዋ ፌቨን ላይ ጮሁባት።

መስመሩ ተቋረጠ።

«አድማጮቻችን፣ ለጋሼ መልሰን እንደውልላቸዋለን» አለች።

ሐያሲው ስለእሳቸው የሚባለውን ለመስማት የሳሎኑን ሬዲዮ ከፍ አደረጉት። ስልካቸው እጃቸው ላይ መንዘር ጀመረ። ከሬዲዮው ደግሞ ባለፈው ወር ራሳቸው መርጠው ያስገቡት የጥሪ ማሳመሪያ ለአገር ሁሉ ተለቀቀ፦

«ቻርጀሬን መልሺ፣ ባትሪዬ አለቀ...»

ስልኩን ሳያነሱት ዘፈኑ አለቀና እንደገና ጀመረ።