ገደብ የለሹን ያስቀረብን ሰው

ልብስ ሰፊዋ መልእክቱን ጮክ ብላ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ውድ ደንበኛችን፣ ገደብ የለሽ የኢንተርኔት ጥቅል ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይቋረጣል። ምክንያቱም ጥቂት ደንበኞች ከልክ በላይ መጠቀማቸው ነው።»

«ጉድ ፈላ!» አለችና የያዘችውን ሱሪ ከነመርፌው ወረወረችው።

ብትናደድ አይፈረድባትም። በዚህ ዓለም ያለቻት አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ እሷም ሩቅ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት በቪዲዮ ሃያ ደቂቃ ይሳሳቃሉ፣ ይነታረካሉ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ይህ ከቀረባት ምን ቀረላት?

ደግሞ እህቷ ጉደኛ ናት! «ትናንት መርፌ ወጋሽ አይደል?» ትላታለች፣ ሳትነግራት። ልብስ ሰፊዋ «ደም ነው፤ ደሟ ይነግራታል» እያለች ለደንበኞቿ ታወራለች።

ዛሬም ስልኩን ቀና ስታደርገው እህቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች።

«እትዬ፣ የመጣብንን ጉድ ልንገርሽ!»

«ሰማሁ እኮ። ማን ይሆን ይሄ ሆዳም?»

«ማን ይሆናል! ጎረቤቴ ነዋ፣ ፀጉር አስተካካዩ። ኳስ ከፍቶ ነው የሚውለው።»

«ተይ፣ ሳታይ ሰው አትወንጅዪ።»

«ቆይ ብቻ፣ አሳየዋለሁ!»

ስልኩን ደፋችው። ድመቷ ወዲያው ዘላ ላዩ ላይ ተጠቀለለች፤ ሙቀቱን ትወደዋለች።

ፀጉር አስተካካዩ በራሱ እግር መጣ። ትከሻው ላይ የደንበኛ ፀጉር እንደተበተነ ነው።

«ጎረቤቴ፣ መልእክቱ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል! ጥፋተኛውም እግሩ አድርሶታል!»

«እኔ? ኳስ እኮ ዘጠና ደቂቃ ነው! እሱ ሲያልቅ እዘጋለሁ። ይኸው ስልኬ፣ የወሩን ፍጆታ እይው።»

«አላይም! ከግድግዳው ወዲያ ‹ጎል!› እያልክ ስትጮህ አይደል የምትውለው?»

«እሺ፣ ያንቺንስ እንየው?»

ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የእኔን? ከእኔ ስልክ ምን ሊገኝ! ሃያ ደቂቃ አውርቼ ጥርቅም አድርጌ ነው የምዘጋው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አዛንፌ አላውቅም።»

«ማዪ እስቲ!»

ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች፣ ከወንበሯ ተነሣች፣ እጇንም ወደ ላይ ሰቀለች። ሱቁ ጸጥ አለ።

«እህቴ ትሙት! ኢንተርኔቱን የጨረስከው አንተ ነህ!»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ትገድይኛለሽ እንዴ?» አለች እህቷ፣ ከድመቷ ሆድ ሥር።