የጥጥ ጡት

ልብስ ሰፊዋ የጥጡን ጡት ሳፋው ውኃ ላይ በቀስታ አስቀመጠችና እጇን ወገቧ ላይ ጭና ጠበቀች። ለአፍታ ተንሳፈፈ። ከዚያ ወደ ጎን አዘነበለ፣ ውኃውን ጠጣ ጠጣ አደረገና ሳፋው ሥር ቁጭ ብሎ አረፈ።

«ቁልፎቹ ናቸው» አለች። «ሚዛን እንዲጠብቅ ብዬ ከታች የካፖርት ቁልፍ ከትቼበት ነበር። ሐይቅ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ?»

መምህርቷ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከተከፈተው ሻንጣ አጠገብ ተቀምጣ ሳፋውን አየችው። ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ፤ ሁለቱም በር ላይ ተጋፍተው ቀሩ። ከካንሰሩ ቀዶ ጥገና ወዲህ በግራ ደረቷ በኩል ያላት ይኸው ነው። ይህችው ልብስ ሰፊ፣ የባሏ ታላቅ እህት፣ ማንም ሳይጠራት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጥታ፣ ለክታ፣ ከገዛ ትራሷ ጥጥ መዝዛ ሰፋችላት። እሱን አድርጋ ነው ክፍል ገብታ ተማሪዎቿ ፊት ሳትጎብጥ የቆመችው።

«እንግዲያው ጄት ስኪው ላይ አልወጣም» አለች። «እርጥብ ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ባዶውን ጎኔን አገር ሁሉ ሊያየው ነው። እናንተ ንዱ፣ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ጫማ እጠብቃለሁ።»

ጣጣውን ያመጣችው ግን ራሷ ናት። መድኃኒቱ በክንዷ ጠብ ጠብ እያለ በሚገባበት ጊዜ፣ የሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ቴሌቪዥን አንዲት ሴት ጄት ስኪ የሚሉትን የውኃ ሞተር ሐይቅ ላይ ስትጋልብ፣ ውኃውን ከኋላዋ ስትበትነው አየች። «ከዚህ ወንበር ከተነሳሁ እሱን እነዳለሁ» አለቻት ለልጇ። ለቀልድ ነበር። ልጅቷ ግን የሰማችውን አትረሳም፤ ሥራ ይዛ ደመወዝ ስታገኝ መጀመሪያ ያደረገችው ይህን የአንድ ቀን ጉዞ መያዝ ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ እጅ አልሰጠችም። ወጥ ቤት ገብታ አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዛ ተመለሰች፣ በመቀስ ክብ አድርጋ ቆረጠችውና ሳፋው ላይ ጣለችው። ተንሳፈፈ። በጣቷ ስትጫነው ብድግ ይላል፣ ስትጫነው ብድግ ይላል።

«ይሄ ደግሞ ቦታውን አያውቅም» አለች መምህርቷ። «ውኃ ሲነካው አገጬ ሥር ነው የሚመጣው።»

ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ሳቁን የሰማው የመምህርቷ ባል፣ ሹፌሩ፣ ብቅ አለ፤ ገመድ፣ የእጅ ባትሪና መፍቻ ታቅፏል። ፎጣው፣ መቀየሪያ ልብሱ፣ የፀሐይ ቅባቱና የላስቲክ ጫማው በሥርዓት ከተደረደሩበት ሻንጣ ውስጥ መፍቻውን ሊሸጉጥ ጎንበስ አለ።

«መሃል ሐይቅ ላይ ጋራዥ ልትከፍት ነው?» አለችው እህቱ።

«ሞተር ሞተር ነው። ቢቆምብንስ?»

ወዲያው ልጅቷ ገባች። አራት ብርቱካናማ ጃኬቶች እስከ አፍንጫዋ ተሸክማለች። «የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው። ልካችሁን እዩልኝ፤ ከሰፋችሁ፣ አስቀድመው የሰጡኝ የሞተሩ አከራዮች ይለውጡልናል። ያለዚህ ሞተሩ ላይ ማንንም አያወጡም።»

ሹፌሩ ቀድሞ ለበሰው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተነፍቶ በሩን ዘጋው። ልብስ ሰፊዋ ዙሪያውን ዞረችው፤ ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረገች፣ ደረቱን በጣቷ አንኳኳች። ድንገት ቆመችና ወደ መምህርቷ ዞረች።

«ተነሺ እስቲ አንቺ።»

አለበሰቻት። ማጠፊያም መርፌም የማያስፈልገው ነገር ነው፤ እሷ ግን ከልማዷ አንድ መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ነበር። ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ አጥብቃ መስታወቱ ፊት አቆመቻት። መስታወቱ ውስጥ ግራና ቀኝ የለም፤ ከአንገት በታች ወፍራም ብርቱካናማ ሳንቃ ብቻ።

«ይኸው፣ ሁላችንም ሳንቃ ሆነን አረፍነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ስጠበብ ከረምኩ፣ ፋብሪካ ቀደመኝ።»

መምህርቷ እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ እንደሱ አትበይ። ያን ጊዜ መጥተሽ ባትለኪኝ ኖሮ ከዚህ ክፍል አልወጣም ነበር። አፍ አውጥቼ አመስግኜሽም አላውቅ። ዕድሜ ይስጥሽ።»

«በይ በይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣ» አለች ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰክታ። መርፌው ከንፈሯ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ የራሷን ስታነሳ አልጋው ላይ የተረፈውን አንድ ጃኬት አየችና «ይሄኛው የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ፣ አክስቴ» አለቻት ልጅቷ።

«የኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» አለች፤ እጇ ግን የትከሻውን ስፋት መለካት ጀምሯል።

ሹፌሩ ሻንጣውን ከነመፍቻው ይዞ ወጣ። መምህርቷ ወደ ሳፋው ጎንበስ ብላ ጡቱን አወጣችው፣ ጭምቅ አድርጋ ከመንገዱ ወደሚታየው የልብስ ማስጫ ገመድ ሄደች። እስከ ዛሬ የጡቱን ጨርቅ ሽፋን ስታጥብ የምታደርቀው ከጎረቤት ዓይን ደብቃ፣ ፎጣ ሥር ነበር። ከውጭ የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ፤ አልቸኮለችም። ከገመዱ ላይ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውን ቦታ መረጠች፣ የባሏን ካልሲዎች ወዲያና ወዲህ ገፋችና መሃላቸው በሁለት መቆንጠጫ ሰቀለችው።

መኪናው ሲነሳ ዞራ አየችው። ከካልሲዎቹ መሃል፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ፣ ጠብ ጠብ ይላል።