የትከሻው ንክሻ

ጎረቤቴ ባሏ ዶሮ ቢያደንቅ እንኳ ዶሮዋን የምታሳርድ ቀናተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንጦ መጥፋቱ ሳያንስ፣ ትከሻው ላይ የጥርስ ምልክት አየችበት።

«ምን ነክሶህ ነው?»

«ውሻ።»

«የሰው ጥርስ ያለው ውሻ?»

ልጃቸው በንዴት በሩን ሲደበድብ «ቀበቶዬን እንዳላነሳ!» ብላ ጮኻበት፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዘንጦ የወጣውን ባሏን ተከተለችው። እኔም ጉዱ እንዳያመልጠኝ ከኋላዋ።

አንድ አዳራሽ ገባ። በመስኮት አጮለቅን። ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

«ልጄ ትናንትም መስታወት ሰበረ፤ መላው ጠፋኝ» እያለች አንዲት እናት ታለቅሳለች። ሌሎቹ ወላጆች ያጽናኗታል።

«አይዞሽ እህቴ» አላት የጎረቤቴ ባል፣ ትከሻውን እያሻሸ። «የኔም ልጅ ሲብስበት ይናከሳል። እናቱ እንዳትገርፈው ብዬ ውሻ ነው አልኳት።»