የማቅለሚያ ቤቱ ውሃ

እስከዳር የብረቱን ጨው በርሜሉ ውስጥ ስትበትነው ቀይ የነበረው ውሃ ይጠቁራል።

መጥቆር አልነበረበትም። ጨው ሲገባበት ቀይነቱ እንዳለ መቆየት፣ ቀጥሎ ቀለም የሚያጠፋው ፐሮክሳይድ ሲፈስበት አረፋ እያወጣ መጥራት ነበረበት። ቢቸና፣ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ ከዚሁ ማቅለሚያ ቤት በጀሪካን የወሰደችው ውሃ የያዘችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጠርቶላት ነበር።

በዚህች የሞጣ ዳር ግቢ ሴቶች በማኅበር ክር እያቀለሙ ይኖራሉ። ከታች ያሉት ገበሬዎች ወንዙ ቀላ፣ ከብቶቻችን አንጠጣም አሉ ብለው ከሰዋቸዋል። ግቢውን ሊያሽግ ከወረዳው የተላከው ይታገስ አጥሩ ሥር ቆሟል። ዛሬ ውሃው ከጠራ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልጠራ በሩ ይዘጋል። አንድ ቀን ስጠን ብላ የለመነችው እስከዳር ናት።

ይታገስ ወደ በርሜሉ ጎንበስ ይላል።

«ይህማ ቀለም ነው። ለደብተራ ብትሸጡት ያዋጣችኋል።»

ማንም አይስቅም። እሱም ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።

ፐሮክሳይዱን ታንቆረቁራለች። የቢቸናንና የሞጣን መድኃኒት ቤትና ፀጉር ቤት አዳርሳ የለቃቀመችው ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም። ትንሽ ይፈላል። ግራጫ አረፋ ይነሳና ይሰክናል። ውሃው እንደጠቆረ ነው።

በእንጨት ስታማስለው ከሥር የሆነ ነገር ይጠመጠምባታል። ስባ ስታወጣው የራሰ ግራዋ ነው፤ ከነቅርንጫፉ፣ አንድ እቅፍ።

ዞር ስትል የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ አገሬ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ያዩዋታል። በርሜሉ ጥሩ አይሸትም ነበር ይላሉ። ማታ እንደ ጠላ ጋን በግራዋ አሽተው አጠቡት። ጠዋት ደግሞ፣ እንግዳው አፍንጫውን እንዳይዝ ብለው፣ ለጋ ለጋውን ከሥሩ ጎዘጎዙበት። ቀዩን ውሃ የገለበጡት በላዩ ነው።

«አበላሸሁት እንዴ ልጄ?»

እስከዳር ቅጠሉን ይዛ ትቆማለች። ውሃውን ያጠቆረው የግራዋው ጭማቂ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ነው። ቀዩን ቀለም እንዲያጠፋ የመጣው መድኃኒትም ቅጠሉ ላይ አልቋል። ይህን ጮክ ብላ ብትናገር ይታገስ ይሰማታል፤ ምናልባትም ያምናታል። ሴቶቹም ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ በሩን የዘጉት እትዬ አገሬ ይሆናሉ።

«አይደለም» ትላለች። «እኔ ነኝ ጨው ያበዛሁት።»

ሌላ ቀን ይሰጣቸው እንደሆነ ይታገስን በቀስታ ትጠይቀዋለች። ለእሱ ቢሆን ግድ እንደሌለው፣ ገበሬዎቹ ግን ከመንገዱ ማዶ መልስ እየጠበቁት እንደሆነ ይነግራታል። ድምፁ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሴቶቹ ከመታሸጉ በፊት ክሩን ያወጣሉ። ገና ከቀለሙ የወጣ፣ ያልታጠበ ክር ነው፤ እንዲሁ ከደረቀ ተዥጎርጉሮ ይቀራል፣ የሚገዛውም የለም። እየተንጠባጠበ በየትከሻቸው ተሸክመው ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ወንዝ ይወርዳሉ። ከኋላቸው የበሩ ሰንሰለት ሲንኳኳ ይሰማል።

የእትዬ አገሬ እጅ ለብቻው መጭመቅ አይችልም። የአንዱን የክር እስር ጫፍ ይዘረጉላታል።

እስከዳር ጫማዋን ታወልቃለች። ወንዙ ውስጥ ገብታ ጫፉን ትቀበላለች፤ እሳቸው ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ይጠመዝዙታል። ቀዩ በጣቶቿ መሃል ይወጣል፣ ቁርጭምጭሚቷን ይዞራል፣ ወደ ታች ይሄዳል።