ሦስት አንጓ

ገዢው ውሉን አጥፎ ሲወጣ የሰብሌ አውራ ጣት ገና በፊርማው ቀለም እንደራሰ ነበር። የባንክ አክሲዮኗን በሦስት ሺህ ብር ሸጠችለት። «ዋጋውን አስልተው ይንገሩኝ» ቢላትም «ሒሳብ አይሆንልኝም» ብላ እሱ የቆረጠላትን ተቀብላ ነበር።

«አክሲዮኑ በዓመት ስንት ያስገኝልዎት ነበር?» አላት ዘግይቶ የደረሰው ጎረቤቷ፣ መምህር አረጋ።

«አንድ ሺህ።»

«ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ እንግዳ የምታደርሰውን በቅሎዎን በሦስት ዓመት ኪራይ ይሸጧታል?»

«ምን ነክቶኝ? ገና ስንት ዓመት ታበላኛለች።»

 ይህን እንዳለች በአውራ ጣቷ የሌባ ጣቷን አንጓዎች እየነካች ቆጠረች፤ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ሒሳብ እዚያው አለቀ። መዳፏን ስትዘረጋ የፊርማው ቀለም በሦስቱም አንጓዎች ላይ ታትሟል።